የረዱኝም ያረዱኝም

ባለፈው ሰሞን ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን መታ አደረገችኝና «አስር አለቃ፣ ሰልፍ አፍርሰሃል» አለችኝ። ዞር አልኩ። ነጠላዋን ያጣፋች፣ መነጽር ያደረገች፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት ናት። እኔም ብሆን ከእሷ የምሻል አይደለሁም፤ ግን ሰው የራሱን እርጅና አያይምና ለትንሽ ጊዜ የማን እናት ትሆን ብዬ ግራ ተጋባሁ። ያስታወሰኝ ድምጿ ነው። ዘነበች ናት፤ በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አብረን በሠራንበት ፖሊስ ጣቢያ የስልክ ኦፕሬተር የነበረችው አስር አለቃ ዘነበች። ተሳሳምን፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር አወራን፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው በሽታውን ነው። የታክሲው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲል ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እኔም ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ጥያቄ ልጠይቃት ወሰንኩ። ጥያቄው ተራ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ለምን ጨፈረ የሚል ነው። ነገሩ እንዲገባ ግን ትንሽ ወደኋላ ሄዶ መጀመር ያስፈልጋል።

ጣቢያችን ከቀጨኔ ወደ ታች ሲወርዱ መንገድ ዳር ያለ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቤት ነበር። ከጀርባው ባሕር ዛፍ አለ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ፍሬውን ቆርቆሮው ላይ ሲያራግፈው ዝናብ የጣለ ይመስለን ነበር። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በበራችን ያልፋሉ፤ እንዳጎነበሱ ሰላምታ ይሰጡናል። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ከሥሩ ሞባይል የሚሸጥበትና የሴቶች ጥፍር የሚሠራበት ቤት አለ። ባለፍኩ ቁጥር የጠዋት ሰልፍ የምንቆምበት ሜዳ የቱ ጋ እንደነበር ልገምት እሞክርና ይጠፋብኛል። ያኔ ሻይ በአስር ሳንቲም ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት በብርጭቆ ይመጣልናል። ስኳር ግን ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚገኝ ባለሻይ ቤቷ በማንኪያ ጫፍ ነበር የምታደርገው። የሰፈሩ ጎረምሳ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ድረስ ይደርሳል። የእኛ ልብስ ካኪ ነው፤ ከሰል በሚበላ ካውያ ተኩሰነው የሱሪው እጥፋት ጣት ይቆርጣል ይባልልን ነበር። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ማርሽ ያሰማል። በመካከል ድንገት አንድ የፍቅር ዘፈን ሲገባ ዘነበች የስልኩን ማዳመጫ ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ ታደርገው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ፖሊስ በዚያ ዘመን የሚወደድ ሰው አልነበረም። ሰው ካኪ ሲያይ መንገድ ይለውጣል፤ ጊዜውን የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋልና አልፈርድበትም። እርስ በርሳችንም ቢሆን በሙሉ ልብ አንነጋገርም። በሳምንት አንድ ቀን የውይይት ክበብ አለ፤ ሁላችንም «ጓድ፣ ጓድ» እየተባባልን እንቀመጣለን፤ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ የቀረው የጫማውን ጫፍ ያያል። እስከ ዛሬ የሚገርመኝም ይኸው ነው። ክበቡ ላይ ጎረቤቱን ሲፈራ የዋለ ሰው፣ በማግስቱ ያው ጎረቤቱ ሐዘን ሲደርስበት የእናት ልጅ ይሆንለታል። ከየት ይመጣ ነበር ያ ሁሉ?

በአማርኛችን «ረዳኝ» እና «አረዳኝ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። አንደኛው የደገፈኝ ነው፤ ሁለተኛው ሞት የነገረኝ። በእኛ ጣቢያ ሁለቱም አንድ ሥራ ነበሩ። ፖሊስ መርዶ ያውቃል፤ ከክፍለ ሀገር ስልክ ሲደወል የሰው በር እያንኳኳን የምንነግር እኛ ነን። ስለዚህ ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ ሲያርፍ መርዶው በሙያ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ ዘነበች በስልክ ትሰማለች፤ ለአለቃችን ለሻምበል ወርቁ ትነግራለች። ሻምበል ባለሐዘኑን ከሮንድ ያስቀሩትና ቀለል ያለ ሥራ ይሰጡታል። መርዶ የሰማ ሰው እህል አይወርድለትምና ያን ቀን በደንብ እንዲበላ ምሳ ይጋበዛል፤ ማታ አንዱ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ጋቢያችንን ደርበን ግቢው ውስጥ እንገኛለን። ምንም መናገር አያስፈልግም። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲያየን ይገባዋል፤ እኛም እንይዘዋለን።

እኔ በዚያ ጊዜ ተራ ፖሊስ ነበርኩ። አንድ ወንድም ነበረኝ፣ አለሙ የሚባል። እናትና አባታችን በልጅነቱ ስላለፉ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። የቀጨኔ ሰው «ወንድሙ ፖሊስ ነው፣ ያስቀረዋል» ብሎ ነበር፤ እኔ ማንን ይዤ ማንን አስቀራለሁ? ከዚያ በኋላ ሥራው አስጠላኝ። ካኪውን ስለብስ እጄ ይከብደኛል፤ ሰልፍ ላይ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው ከአንገት በላይ ነው። ጎሚስታ ያለው አንድ ዘመዴ «ና አብረን እንሥራ፣ ጎማ መንፋት ይሻልሃል» ብሎኝ ነበርና ልሄድለት ቆረጥኩ። ይህንን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሃምሳ አለቃ ቦጋለ። ቦጋለ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ናቸው። ሲቀልድ ፊቱ ላይ ምንም አይታይበትም፤ ምሥጢር ግን ሆዱ ውስጥ አያድርም። እሱንም ያወቅሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሮንድ ልወጣ ስል ሻምበል ወርቁ አስጠሩኝ። ሻምበል ረጅም፣ ጉንጫቸው የገባ፣ ቁጡ ሰው ናቸው።

«ጓድ መኩሪያ፣ ዛሬ አትወጣም። እዚሁ ከእኔ ጋር ትውላለህ።»

«ምነው ጓድ ሻምበል፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም። ተቀመጥ» ብለው በእጃቸው ወንበር ሳቡልኝ።

እሳቸው ለሰው ወንበር ሲስቡ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ዘነበች ሻይ ይዛ መጣች፤ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ጣት ያህል ዘቅጧል። «ከየት አመጣሽው?» ብላት «ከቤቴ ነው፣ ጠጣው በቃ» ብላኝ ሄደች። ምሳ ሰዓት ቦጋለ እጄን ይዞ ወጣና ጥብስ ጋበዘኝ። በቃኝ ስል ያጎርሰኛል። ማታ ደግሞ ቤቱ ሽሮ ሜዳ ሆኖ ሳለ እኔን ቀጨኔ ድረስ ሸኘኝ። ዳገቱን ስንወጣ አንድም ቀልድ አልወጣውም። በሬ ላይ ስንደርስ ብቻ «ነገ የትኛውን ኮት ነው የምትለብሰው?» አለኝ። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖር እንዲህ ይቀባዥራል ብዬ አሰብኩ። ገብቼ ለባለቤቴ ለፀሐይ «አለሙ የለም፤ ነገ ጠዋት ይመጣሉ» አልኳት። ሁለታችንም እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም።

ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ሲጥ አለ። ከፍቼ ወጣሁ። ሻምበል ከፊት፣ ቦጋለና ዘነበች ከኋላ፣ ሌሎቹም ተደርድረው፣ ሁሉም ጋቢ ደርበው ዝም ብለው ቆመዋል። «ወይኔ ወንድሜ» ብዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። ፀሐይ እሪ አለች። ጎረቤት ከየቤቱ ተንጋግቶ ወጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሼ በየነ ከድሮም እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸውና ከየት መጡ ሳይባል ጥሩንባውን እየነፉ ቁልቁል ወረዱ። የሚያስቀው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ባልደረቦቼ ሁኔታዬን ሲያዩ የአለሙ መርዶ በሌላ በኩል የደረሰኝ መሰላቸው። ዘነበች «ወይኔ አለሙ» ብላ ደረቷን መታች። ሻምበል ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። ቦጋለ አቅፎኝ አብሮኝ ይንሰቀሰቃል። ግቢው በልቅሶ ከተናወጠ በኋላ ነው ቦጋለ በጆሮዬ «ማን ነገረህ?» ያለኝ።

«እናንተ ናችኋ!»

«እኛ ምን አልን?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

ቦጋለ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ የአስር አለቃነት ማዕረግ ምልክት፣ መርፌና ክር አለ። በእኛ ጣቢያ ማዕረግ የሚያገኝ ሰው ምልክቱን ራሱ አይሰፋም፤ ባልደረቦቹ ናቸው ከጠዋቱ ሰልፍ በፊት የሚሰፉለት። ልለቅ ማሰቤን ቦጋለ ለሻምበል ነግሯቸው ኖሮ፣ ሻምበል ስሜን ይዘው የበላይ ቢሮ ሲመላለሱ ከርመዋል። በዋዜማው ከሮንድ ያስቀሩኝ የማዕረጉን ትእዛዝ ሲጠባበቁ ነው። ዘነበች ስኳሩን ያመጣችው ደስ ብሏት ነው። ጋቢውም የደጋ ብርድ ነው እንጂ ሌላ አልነበረም። ሰው ሁሉ እንባውን ሳይጠርግ መሳቅ ጀመረ። ጋሼ በየነን ለማስመለስ አንድ ሰው ቁልቁል ሮጠ፤ እሳቸው ግን ጥሩንባው ስለሚጮህ የሚጠራቸውን አልሰሙም። ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ «የመርዶ አስር አለቃ» ይለኝ ነበር። አሮጊቶቹ ደግሞ «በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» ብለው አጽናኑኝ፤ እውነትም ብዙ ሳይቆይ ከአለሙ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነኝ፣ የጫማዬ ሶል ብቻ ተገንጥሏል ይላል።

ሻምበል በዚያው ዕለት ሰልፍ ላይ ወጥተው ፊታቸውን እንደቋጠሩ ትእዛዝ ሰጡ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ በድንገት ደግ መሆን ክልክል ነው። ደግ መሆን የሚፈልግ በየቀኑ ይሁን» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ግን ፈጸምነው። ዘነበች አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አዘጋጀች፤ ሁሉም ከቤቱ በወረቀት ጠቅልሎ ትንሽ ስኳር ያመጣል። ምሳ በአንድ ትሪ ሆነ። ከሮንድ የተመለሰ ሰው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ጠዋት ጠዋት «ከአለሙ ደብዳቤ መጣ?» ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። መጀመሪያ ላይ እየተሳሳቅን በግዴታ ነበር፤ እየቆየ ለመደብን። እኔም ጎሚስታውን ረሳሁት። ቦኖ ውሃ ላይ የተጣሉ ሴቶችን ሳስታርቅ ሙሉ ጠዋት ብቆይ አይሰለቸኝም፤ የጠፋ ልጅ በትከሻዬ አድርጌ ቀጨኔን ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ደመወዙ ያው፣ ካኪውም ያው፣ ክበቡም ያው ነው። ሥራዬን የወደድኩት ግን ያኔ ነው። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ ያንን የስኳር ቆርቆሮ እንጂ ሌላ ነገር አላገኝም፤ ለአሁን ልጆች ብነግራቸው አያምኑኝም።

ጊዜው ሄደ፤ ፀሐይ ሴት ልጅ ወለደች። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ክርስትና ተነሳችና ቤታችን ድግስ ሆነ። የጣቢያው ሰው አንድ አልቀረም። ቦጋለ እናቱ የፈተሉትን፣ አባቱ የሠሩትን ጥለት ያለው ፎጣ ለሕፃኗ አመጣላት። ዘነበች እንደገባች ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ገብታ «ሽንኩርቱን ለእኔ ተዉልኝ» ብላ ስትከትፍ ዋለች። ሻምበል አመድማ ሰፋሪ ልብስ ለብሰው መጡ፤ በሲቪል ልብስ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ ትንሽ ተጫወትን። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ሻምበል ወርቁ፣ በሰርግ እንኳ ሲያጨበጭቡ ታይተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ብድግ ብለው መጨፈር ጀመሩ። ጭፈራስ አይባልም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ትከሻቸውን ያንቀጠቅጣሉ። ከበሮው አንድ ቦታ፣ እሳቸው ሌላ ቦታ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ እንኳ አልተቀመጡም። እኔና ፀሐይ በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ዘመን የትኛው ቀን ነበር ደስ የሚለው ብባል ያን ቀን እላለሁ።

ከክርስትናው በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ የግቢዬ በር ሲጥ አለ። ብወጣ ሁሉም ጋቢ ደርበው ቆመዋል። ፀሐይ ከኋላዬ መጥታ ስትደነግጥ እኔ ሳቅሁባት። «አይዞሽ፣ ሃምሳ አለቃ ልሆን ነው» አልኳት። ማዕረጉን ለማየት የቦጋለን እጅ ፈለግሁ። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ነበሩ፤ እኔን ለመያዝ ዘርግቷቸዋል። አለሙን የዚያን ቀን ነው የተረዳሁት። ጋሼ በየነ እንኳ እንደ በፊቱ አልቸኮሉም፤ ሻምበልን ዓይን ዓይናቸውን አይተው፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁላቸው ነው ጥሩንባውን ያነሱት። ከሐዘን ስመለስ ወደ ሌላ ሥራ አልሄድኩም። ጡረታ እስክወጣ ፖሊስ ነበርኩ።

መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተበተነ። ቦጋለ ወደ አባቱ አገር ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻምበል ቤታቸው ዋሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ። ያንን የግድግዳ ጭፈራ ስንት ቦታ አውርቼዋለሁ። በራሳቸው ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አውርቼ ለቀስተኛውን አስቄያለሁ። ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር። ጠላው ነው እንዳልል አንድ ብርጭቆ አልጨረሱም። ሹመት አግኝተው ይሆን? ልጅ ስላልነበራቸው የእኔን ልጅ እንደራሳቸው አይተው ይሆን? ለዘነበች ይህንን ሁሉ ቀድሜ ዘርዝሬ፣ እየሳቅሁ «አንቺ ሁሉንም የምትሰሚ ሰው ነበርሽ፤ ያን ቀን ሰውዬው ምን ነክቷቸው ነው?» አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀች።

«እ... ማለቴ፣ አንተ እስከ ዛሬ አታውቅም?»

«ምኑን?»

«የአለሙን ሞት ከክርስትናው በፊት ነው እኮ የሰማነው። ቦጋለ ሆስፒታል እስረኛ ሲጠብቅ ከአለሙ ጋር የነበረ ቁስለኛ ልጅ አገኘ። ለሻምበል ሲደውል ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ሰማሁት።»

እሷ ቀጠለች።

«ሻምበል ሰበሰቡን። ልጅቷ በደስታ ክርስትና ትነሳ፣ መርዶው ከዚያ በኋላ ነው አሉ። እንባው የሚያመልጠው ሰው ካለ ቤቱ ይቅር፣ አይምጣብኝ አሉ። ማን ይቀራል? ሁላችንም መጣን። ሁላችንም ዘፈንን።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው ደህና ነበሩ። ያስነሳሃቸው አንተ ነህ። ጠላ ስትቀዳላቸው ምን እንዳልካቸው ታስታውሳለህ?»

አላስታውስም ነበር።

«አለሙ ሲመለስ ደግመን እንደግሳለን፣ ያኔም አይቀሩብኝም አልካቸው። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ያኔ ነው ብድግ ያሉት። ቁጭ ቢሉ ፊታቸውን ታየዋለህ፤ ቢወጡ ትጠረጥራለህ።» መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «እኔስ ሽንኩርት ነበረኝ። እሳቸው ምን ነበራቸው?»

ትከሻቸውን አሰብኩት። ከበሮው ከቆመ በኋላም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያን ቀን የምር ስንስቅ የዋልነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን።